ስንቁን ይዞ የሚመጣ እንግዳ

ሮብ ገበያ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ሽቅብ ሲወጣ የምትገኝ የስናን ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ እንደሚለው ገበያዋ ሮብ ይቆማል። ያን ለት ድንቹ፣ ገብሱ፣ በጉ፣ ፈረሱ ሁሉ አንድ ላይ ይወርዳል፤ ብርዱ የደጋ ብርድ ነውና ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነው ዋጋ የሚከራከረው። ከገበያው ዳር አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ኮፒ ማሽን ያላት ጠባብ ኮፒ ቤት አለች። የዛሬው ወሬ የሚጀምረው ከእሷ ነው።

አንድ መምህር ፈተና ሊያሳትሙ ፍላሻቸውን ይዘው ገቡ። ልጁ ሰክቶ ሲከፍተው ፎልደሮቹ በሙሉ ጥጋቸው ላይ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ሆነዋል። ይችን በሽታ የማያውቅ ፍላሽ ያዥ በአገራችን ያለ አይመስለኝም። «ቲቸር፣ ቫይረስ በልቶታል። ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» አለ ልጁ። መምህሩ ፍላሹን አዩት፣ ልጁን አዩት፣ ምንም አልተናገሩም። ፈተናው ነገ ነው የሚሰጠው።

እኔ ከቤቴ ቁልፍ ጋር የማስራት አንዲት ፍላሽ ነበረችኝ። «አንዴ ልሞክር?» ብዬ ሰካኋት፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፣ ገና ሲነሳ ኤፍ12ን ደጋግሜ ነካሁ። ሁለት ደቂቃ ግድም ቆይቶ ልጁ አይቶት የማያውቅ ሌላ ስክሪን መጣ። ዊንዶውሱ የለም። የመምህሩን ፍላሽ በሌላኛው ቀዳዳ ስንሰካው ፎልደሮቹ አንድም ሳይጎድል ተደርድረዋል፤ ቀስት ያለባቸው የውሸት ሾርትከቶችም ከጎናቸው አሉ። መምህሩ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው «አንተ ልጅ፣ ይኼን ከየት አመጣኸው?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ምንም አላመጣሁም። ያ ቫይረስ ፋይል አይበላም። ፎልደሮቻችሁን «ድብቅ» የሚል ምልክት ይለጥፍባቸዋል፤ በቦታቸው በስማቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትጫኑት ፎልደሩንም ይከፍትላችኋል፣ እግረ መንገዱን ራሱን ኮምፒውተሩ ላይ ይዘራል። ከዚያ ቀጣዩ ፍላሽ፣ ከዚያ ቀጣዩ ኮፒ ቤት። «ድብቅ» የሚለውን ምልክት የሚያከብረው ግን ዊንዶውስ ነው። የእኔዋ ፍላሽ ላይ ያለው ሊኑክስ ምልክቱን ከቁምነገር አይቆጥረውም፤ ለዊንዶውስ የተጻፈው ቫይረስም እዚያ ላይ እንደ ተራ ፋይል ተጋድሞ ይቀራል። ስለዚህ ፋይሎቹን ገልብጠን፣ ሾርትከቶቹንና አብሮ የተቀመጠውን ተንኮለኛ ፋይል ሰርዘን ፈተናውን አተምነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙዎቻችን ኮምፒውተርና ዊንዶውስ አንድ ነገር ይመስሉናል። አይደሉም። ብረቱ ቤት ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቤቱ ውስጥ ገብቶ እሳት የሚያነደው፣ መደቡን የሚያነጥፈው፣ እንግዳ የሚቀበለው ሰው ነው። ሰውየው ሌላ ሊሆን ይችላል። ደግሞም የግድ የቤቱ ነዋሪ መሆን የለበትም። የድሮ መንገደኛ ስንቁን በስልቻ ይዞ ይመጣና የሚለምነው እሳትና ማደሪያ ብቻ ነው፤ የባለቤቱን ጎተራ አይነካም፣ ሲነጋ ተነስቶ ይሄዳል። ፍላሽ ላይ የተጫነ ሊኑክስም እንዲሁ ነው። ከኮምፒውተሩ የሚበደረው ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ስክሪኑንና ኪቦርዱን ነው። ሃርድ ዲስኩን ካላዘዛችሁት አይነካውም። ፍላሹን ነቅላችሁ ስትሄዱ ዊንዶውሱ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል።

ዘሩ ከየት ነው ብትሉ ዩኒክስ ከሚባል አባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ አሜሪካ ውስጥ ቤል ላብስ በተባለ የምርምር ተቋም ጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን ማንም ሊገለብጠው፣ ሊያሻሽለውና ሊያድለው የሚችል ዩኒክስ መሰል ሲስተም እሠራለሁ ብሎ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ የጎደለውን እምብርት፣ ከርነል የሚሉትን፣ ጻፈ። ሊኑክስ የሚለው ስም የመጣው ከእሱ ስም ነው። ስልካችሁ አንድሮይድ ከሆነ ያው ከርነል አሁን ኪሳችሁ ውስጥ እየሠራ ነው።

ለእኛም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ፕሮጀክት ወደ 5,000 የሚጠጉ ነጭና አረንጓዴ ትንንሽ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ታድለው ነበር። ኤክስኦ ይባላሉ። የሚገርመኝ ሆዳቸው ነው። ሃርድ ዲስክ የላቸውም፤ 256 ሜጋባይት ራምና 1 ጊጋባይት ፍላሽ ሚሞሪ ብቻ ነው ያላቸው፣ በዚያች ፍላሽ ላይ ፌዶራ ከሚባለው የሊኑክስ ዓይነት የተቀዳ ሲስተም ይነሳል። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ የምንጥለው ተራ ፍላሽ የዚያን ላፕቶፕ ሠላሳ እጥፍ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ያው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን ትቶ ሄደ። አስተማሪ የለም፣ መመሪያም የለም፤ ባትሪ መሙያ ሶላር ብቻ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው ከሆነ፣ በአምስት ወር ውስጥ ልጆቹ የተዘጋባቸውን ካሜራ ራሳቸው ሲስተሙን ሰብረው ከፍተዋል። እኔ እንደ እሱ ያለ ቀናተኛ ሰው የሚያወራውን ትንሽ ቀንሼ ነው የምሰማው። ግን ግማሹ እንኳ እውነት ቢሆን፣ እኛ የኤፍ12 ቁልፍ የምንፈራበት ምክንያት የለንም።

እሺ፣ እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ሊኑክሱን በሙሉ የያዘ፣ አይኤስኦ የሚባል አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ኡቡንቱ 24.04 ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል፤ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት ወደ 3 ጊጋባይት ነው። ለአሮጌ የኮፒ ቤት ኮምፒውተር እኔ ሚንትን ነው የምመርጠው፤ 2 ጊጋባይት ራም ላይ እያቃሰተም ቢሆን ይነሳል፣ 4 ካለ ደህና ይሮጣል። በዳታ ማውረድ ዋጋው ያማል። በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት ደግሞ በምንም ዋጋ አይገኝም ነበር። ደስ የሚለው ግን አንድ ሰው አዲስ አበባ ወይም ዩኒቨርሲቲ ካወረደው ለመቶ ሰው ቢያድለው ስርቆት አይደለም፣ ፈቃዱ ራሱ ገልብጡ ይላል። የኡቡንቱ መሥራች ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ እንዲያውም ለዓመታት ሲዲ እያሳተመ፣ የፖስታውን ከፍሎ፣ ለጠየቀው ሁሉ በነጻ ይልክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው ያቆመው።

ከእጅ ወደ እጅ የመጣ ፋይል ከሆነ አሻራውን አረጋግጡ። እያንዳንዱ አይኤስኦ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው አሻራ በዋናው ድረ ገጽ ላይ ይወጣለታል። የያዛችሁት ፋይል ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ሙሉ በሙሉ ሌላ ይሆናል። ማየቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ አሻራውን ግን ፋይሉን ከሰጣችሁ ሰው ሳይሆን ከድረ ገጹ ውሰዱ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። አይኤስኦውን እንደ ዘፈን ፍላሹ ላይ ኮፒ ካደረጋችሁት ኮምፒውተሩ አይነሳም። የቤት እንጨት ከነሚስማሩ ጓሮ ቢከመር ቤት አይሆንም፤ መቆም አለበት። ይህን የሚሠራላችሁ ዊንዶውስ ላይ ሩፈስ የሚባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ነው። ፍላሹን ትመርጣላችሁ፣ አይኤስኦውን ትመርጣላችሁ፣ ስታርት ትላላችሁ፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። እኔ ግን ቬንቶይ የሚባለውን ነው የምወደው። እሱ አንዴ ከተጫነ በኋላ አይኤስኦ በእርግጥም እንደ ዘፈን ኮፒ ይደረጋል፤ ሦስት አራት ዓይነት ብታስቀምጡበት ሲነሳ «የትኛውን?» ብሎ ይጠይቃችኋል።

ሊኑክስ ላይ ሆናችሁ የምትጽፉ ከሆነ ዲዲ የምትባል ሁለት ፊደል ያላት ትእዛዝ አለች። አትጠይቅም፣ አታስጠነቅቅም። ዲስኮች እዚያ ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ እየተባሉ ነው የሚጠሩት፤ አንዷን ፊደል ብትስቱ ፍላሹን ትታ ሃርድ ዲስካችሁን ታርሰዋለች። እኔ አንድ ምሽት ኤስዲሲ ማለት ሲገባኝ ኤስዲቢ ብዬ የእህቴን የሠርግ ፎቶዎች የያዘ ኤክስተርናል ዲስክ አርሼዋለሁ። እህቴ እስካሁን ስለ ኮምፒውተር ስናወራ ክፍሉን ትታ ትወጣለች።

ፍላሹ ከተዘጋጀ በኋላ የሚቀረው በረኛውን ማሳመን ነው። ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚነቃ ትንሽ ፕሮግራም ሰሌዳው ላይ አለ፤ ባዮስ ይሉታል፣ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ። ሥራው «ዛሬ ማንን ላስነሳ?» ብሎ ወረፋውን ማየት ነው፤ ከወረፋው አናት ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ሃርድ ዲስኩ ነው። ወረፋውን ለአንዴ ለማስጣስ ገና ሲበራ ቁልፍ መንካት ነው፦ ዴል፣ ሌኖቮና ቶሺባ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9። አንዳንድ ላፕቶፕ ኤፍኤን የምትለውን አብሮ መያዝ ይፈልጋል። ካመለጣችሁ ዊንዶውሱ ይነሳል፤ አጥፍቶ እንደገና መሞከር እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ሰኪዩር ቡት የሚባል ጥበቃ አለ፤ ኡቡንቱ፣ ሚንትና ፌዶራ ተፈርሞላቸው ያልፋሉ፣ ሌሎቹ እስኪጠፋ ላይነሱ ይችላሉ። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን እዩ፤ የተቆለፈ ከሆነ ዊንዶውሱ በማግስቱ ረጅም የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ቁጥሩ ከሌላችሁ ደግሞ ፋይላችሁ እንደተዘጋ ይቀራል።

ተነሳ እንበል። አሁን ፍላሹ ላይ ያለው «ላይቭ» ይባላል፣ አሠራሩም ደስ ይላል። ሲስተሙ በሙሉ ተጨምቆ በማይነካ አንድ ፋይል ውስጥ ነው ያለው። እናንተ የምታደርጉት ለውጥ፣ የዋይፋይ ይለፍ ቃሉም፣ የጻፋችሁት ደብዳቤም፣ ራም ላይ ነው የሚቀመጠው። መጽሐፍ ላይ መስታወት አድርጎ በመስታወቱ ላይ መጻፍ ማለት ነው፤ ለዓይን መጽሐፉ ላይ የተጻፈ ይመስላል፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ግን መስታወቱ ይጠረጋል። ለኮፒ ቤት ይኼ ጉድለት ሳይሆን በረከት ነው፦ ማንም መጥቶ ምንም ቢያደርግ፣ ማታ ተዘግቶ ጠዋት ሲከፈት እንደ አዲስ ነው። መስታወቱ እንዳይጠረግ ከፈለጋችሁ ሩፈስ ኡቡንቱን ሲጽፍ የተወሰነ ቦታ ለማስታወሻ እንዲተው ታዙታላችሁ፤ ይኼን ፐርሲስተንስ ይሉታል።

ሦስተኛው መንገድ ፍላሹን እንደ ሃርድ ዲስክ ቆጥሮ ሊኑክሱን ሙሉ በሙሉ መጫን ነው። ለዚህ ሁለት ፍላሽ ይፈልጋል፤ በአንዱ ትነሳላችሁ፣ በሌላው ላይ ትጭናላችሁ፣ ተቀባዩ 32 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ቢሆን ይሻላል። እዚህ ላይ ጆሮ ስጡኝ። የኡቡንቱ መጫኛ ለብዙ ዓመታት የሚታወቅ አንድ ዐመል ነበረው፦ ፍላሹን ምረጥ ብትሉትም የማስነሻውን ቁራጭ፣ ቡትሎደሩን፣ የኮምፒውተሩ ውስጠኛ ዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል። ፍላሹን ይዛችሁ ስትሄዱ የሰውየው ኮምፒውተር ግራ ተጋብቶ ይቆማል፣ ፍላሹም ሌላ ቦታ አይነሳላችሁም። መፍትሔው ቀላልና ሞኝ የሚያስመስል ነው፤ ከመጫን በፊት የውስጡን ዲስክ ገመድ መንቀል ወይም ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማጥፋት። የሌለን ዲስክ ማበላሸት አይቻልም።

ፍላሽ የሚለው ስም ራሱ ከፎቶ ቤት የመጣ መሆኑን ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቶሺባ ውስጥ ፉጂዮ ማሱኦካ ይህን ሚሞሪ ሲፈጥር፣ የተጻፈበት በአንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ያየ የሥራ ባልደረባው የካሜራ ፍላሽ ትዝ አለውና ስሙን አወጣለት። ይኼ የመጻፍና የማጥፋት ነገር ግን ዕድሜ አለው። እያንዳንዷ ሕዋስ የተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው የምትጻፈው፤ ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትንንሽ ማስታወሻ ሲጽፍ ይውላል። ርካሽ ፍላሽ ላይ ሙሉ ጭነት ካደረጋችሁ መጀመሪያ ይንቀራፈፋል፣ ቀጥሎ ይሞታል። የየዕለት ሥራችሁን እዚያ ላይ ልታደርጉ ካሰባችሁ ትንሽ ኤስኤስዲ ግዙ፤ ፍላሽ ከሆነም ሰማያዊ ምላስ ያለውን ዩኤስቢ 3።

ስለ መግዛት ካነሳን፣ የገበያ ሰው ቁና አይቶ ያውቃል። መሐሉ ተደፍኖ ታቹ ከፍ ያለ ቁና የሚሰፍር ነጋዴ በየትም አለ፤ ላዩ ሞልቶ ይታያል፣ ቤት ወስዳችሁ ስትገለብጡት ግማሽ ነው። ፍላሽም እንዲህ ይሰፈራል። ላዩ ላይ 512 ጊጋባይት ተጽፎበት፣ ኮምፒውተሩም 512 ብሎ እያሳየ፣ ውስጡ 8 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ቺፕ ውሸቱን ተምሮ ነው የተሸጠው። ስምንቱ ሞልቶ ሲያልፍ የምትጽፉት ሁሉ ወደ ባዶ ይወድቃል፣ ወይም በፊተኛው ላይ ይደረባል፤ እናንተ ግን «ኮፒ ተደርጓል» ነው የሚላችሁ። ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 የሚባል ነጻ መስፈሪያ አለ፦ ፍላሹን እስከ አፉ በሚታወቅ ፋይል ይሞላውና መልሶ እያነበበ የጠፋውን ይነግራችኋል። ሰዓታት ይፈጃል። እኔ አዲስ ፍላሽ በገዛሁ ቁጥር ማታ አስጀምሬው እተኛለሁ።

«አማርኛስ ይጽፋል ወይ?» ብለው የጠየቁኝ መምህሩ ናቸው። እንዴታ! ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ ሊኑክስም ያነበዋል። ከዚያም በፊት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሰራ የሚባለውን፣ በላቲን ፊደል ግዕዝን የመጻፍ ዘዴ አውጥተው ነበር፤ ዛሬ ሊኑክስ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ስትመርጡ ከምታገኙት አንዱ እሱ ነው። እዚያው ከፍቼ አሳየኋቸው። ኤስን ስነካ ስ መጣ። ኢን ስጨምር ሰ ሆነ። ኤልና ኤ ሲከተሉ ላ፣ በመጨረሻ ኤም፤ ሰላም። መምህሩ የራሳቸውን ስም በሁለት ጣት ቀስ ብለው ጻፉ፣ አንዴም አልሳቱም።

እንደማልዋሽ እንድታውቁ ግን የማይሆነውንም ልንገራችሁ። ዩኒኮድ ሳይለመድ በነበሩት የግዕዝ ፕሮግራሞች የተተየበ የቆየ ሰነድ እዚህ ስትከፍቱት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ኮፒ ቤቶቻችን ደግሞ እንዲህ ያለ ሰነድ ሞልቷቸዋል። በዎርድ ፈንታ የሚሠራው ሊብሬ ኦፊስ የዎርዱን ሠንጠረዥ አልፎ አልፎ ያዛንፈዋል። አንዳንድ ፕሪንተርም ከሊኑክስ ጋር አይግባባም። የዚያች ቤት ፕሪንተር ግን ዕድለኛ ሆነን ወዲያው ታወቀች። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ የነጻ ጥገናው ቆሟል፤ ወደ 11 መሻገር የማይችሉ ስንት ደህና ብረቶች በየቢሮው ተቀምጠዋል፣ ፍላሹ ለእነሱ መሞከሪያ ነው። ከወደዳችሁት ትጭኑታላችሁ፣ ካልወደዳችሁት ትነቅሉታላችሁ።

መምህሩ ፈተናቸውን በፌስታል ጠቅልለው ሄዱ። ልጁ ግን አልለቀቀኝም፤ «ጋሼ፣ ለእኔም አድርግልኝ» አለና ከመሳቢያ 16 ጊጋባይት የሆነች፣ ክዳኗ የጠፋ ፍላሽ አወጣ። ቬንቶይን ጫንን፣ አይኤስኦውን ኮፒ ማድረግ ጀመርን። የኮምፒውተሩ ቀዳዳ አሮጌው ዩኤስቢ 2 ነውና አረንጓዴዋ መስመር ትንፏቀቃለች። ሦስት አራተኛውን እንዳለፈች መብራት ሄደ። ዩፒኤስ የለም። እኛም ወጥተን ቡና ጠጣን፣ የበግ ዋጋ ሰማን፣ ገበያው ሊበተን ሲል መብራቱ ተመለሰና ከዜሮ ጀመርን። በሁለተኛው ጊዜ አለቀ። እኔ መኪና እንዳያመልጠኝ ስቸኩል ልጁ የስህተት ማጥፊያ ነጩን ቀለም ከጠረጴዛው አንስቶ ኤፍ12 ቁልፍ ላይ አንዲት ነጥብ አሳረፈ፣ እስክትደርቅም እፍ አላት።